በኦልማን መኪና ወይስ በዶኛ ሚሬያ አውቶቡስ

ወንድሜ ኦልማን መኪና ከገዛ ጀምሮ በቤታችን ሌላ ወሬ የለም። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ለገዛ ሠርጉ እንኳ አርፍዶ የመጣ ሰው ነው፤ አሁን ግን አራት ጎማ ስላገኘ ሰዓት አክባሪ የሆነ መስሎታል። መኪናዋ ቀይ ናት፣ ያገለገለች ናት፣ የኋላ በሯ ደግሞ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚወርደው ኦልማን ሲፈቅድለት ነው ማለት ነው። እኔ ታላቅ እህቱ ዚኒያ ነኝ፤ እዚሁ ግሬሲያ ከተማ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። በዚያች መኪና ከኋላ የምቀመጠውም እኔ ነኝ።

ነገሩ የመኪና ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። ዝም ማለት አልችልበትም እንጂ። ነገሩ የአባባ ዓይን ነው። በጥቅምት ሐኪም ቤት ወሰድናቸውና የግራው ዓይን አብቅቶለታል፣ የቀኙም እየጠበበ ነው ተባልን። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ወንበሩን አስጠግቶ «ዶን ቤሊሳሪዮ፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዛሬ ነገ አይበሉ» አላቸው። ሌላ አባት ቢሆን ልጆቼን ልይ ይላል። የእኛ አባት አላመነቱም፤ «የፖአስን አፍ» አሉ።

አባባ የተወለዱት እዚያው፣ ፖአስ ከሚባለው እሳተ ገሞራ ግርጌ ነው። ልጅ ሆነው ቡና ሲለቅሙ አመዱ ቅርጫታቸው ውስጥ ይወርድ ነበር። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያጉረመርም ሰምተውታል፣ ጭሱን አሽትተውታል፤ አፉን ግን አንድ ቀን አላዩትም። አራት ጊዜ ወጥተው አራት ጊዜ ደመና አይተው ተመልሰዋል። የመጀመሪያው ጊዜ በጫጉላቸው ነው። እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከጫፍ ቆማ «ነጭ ግድግዳ ለማየት ከሆነማ እቤታችንም አለልን» አለች ይባላል።

ፖአስ ጠባዩ እንዲህ ነው። ጠዋት ይከፈታል፤ አራት ሰዓት ሲሆን ደመናው ይመጣና ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ እንደ አማት ነው፣ እስኪመሽ አይነሳም። ስለዚህ በቤታችን የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ አባባን ከደመናው በፊት ማን ያደርሳቸዋል?

አንደኛው ምርጫ የዶኛ ሚሬያ አውቶቡስ ነው። ሚሬያ ጎረቤቴ ናት፣ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። የሰፈሩን ሰው በአውቶቡስ ጭና ጉብኝት መውሰድ ከጀመረች ወዲህ ግን ዶኛ፣ እመቤት ማለት ነው፣ ካላሏት ዞር ብላ አታይም። ማይክሮፎን አላት። አውቶቡሱ ውስጥ ቢንጎ ታጫውታለች፤ ሽልማቱ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ በሰፈራችን ያ ሳህን የሌለው ቤት የለም። አምና ባሕር ወስዳን ለዋና የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ዋናተኞቹ ፎጣቸውን እያጠፉ ሲወጡ እኛ ጫማችንን እያወለቅን እንገባለን።

እሑድ ምሳ ላይ ጦርነቱ ተጀመረ።

«በሚሬያ ከሄዱ አባባ የሚያዩት የሚሬያን ማይክሮፎን ነው» አለ ኦልማን። «መጀመሪያ ጸሎት። ከዚያ ቢንጎ። ከዚያ ሽንት ቤት። ከዚያ እንጆሪ። ከዚያ ደግሞ መጀመሪያ አልመጣልኝም ያለው ሰው ሽንት ቤት።»

«በአንተ ከሄዱስ?»

«ሃምሳ ደቂቃ። ከደጅ እስከ ደጅ።»

«ለሐኪሙ ቀጠሮም ሃምሳ ደቂቃ ብለህ ስንደርስ ሰውዬው ነጭ ጋውኑን እያወለቀ ነበር።»

«ያኔ መኪና አልነበረኝማ።»

«ያኔ ታክሲ ደጅ ቆሞልህ ነበር፣ ኦልማን። አንተ ፀጉርህን ስትቀባ ነው ያረፈድነው።»

አባባ ሩዝና ባቄላቸውን በማንኪያ ቀስ እያሉ እየፈለጉ ይበላሉ። ማንኪያውን አስቀምጠው «ልጆቼ» አሉ። «በመኪናም ውሰዱኝ፣ በአውቶቡስም ውሰዱኝ፣ በጠንቋይ መጥረጊያ ላይም አስቀምጡኝ። ብቻ ከደመናው በፊት።»

እኔ ከሚሬያ ዘንድ ሁለት ወንበር ይዤ ነበር። ለሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የተሸነፍኩት ያ የባሕሩ ነገር ትዝ እያለኝ ነው። አንድ ሰው ቢያረፍድ አንድ ነው፤ አርባ ሰው ሲያረፍድ ግን ማን ይችለዋል ብዬ አሰብኩ። «ብዬሽ ነበር» የሚለኝ ሰው ስለሌለ እዚህ ላይ ራሴ ልናገር፤ መኪናውን የመረጥኩት እኔው ነኝ። ወደ ሚሬያ ሄጄ ወንበሮቹን ተይው አልኳት።

«እሺ» አለችኝ። ክፉ እሺ ነበር። «ግን ለሌላ ሰው አልሰጣቸውም። ወንድምሽን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

አሁን አሁን ፖአስ ዝም ብሎ አይኬድም። ሰዓት ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ይያዛል፣ በር ላይ ሄልሜት ይሰጣል፣ ጫፉ ላይ ሃያ ደቂቃ ብቻ ይቆማል። ኦልማን ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት ያዘ። የሚሬያ አውቶቡስ ለዚያው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ነበረው። «የእነሱ ሰዓት ሲደርስ እኛ ቁርስ ላይ ነን» እያለ ሲስቅ ሰነበተ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ አባባ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፈው ስለቆለፉት አስተካከልኩላቸው። ኦልማን አስራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ ብሎ አስራ ሁለት ተኩል ላይ መጣ። መኪናዋን ሲያጥብ ነበር።

«ቆሽሻ ትውጣ?» አለኝ።

«ተራራው ያገባታል እንዴ?»

አባባ ከፊት ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ ተቆለፈብኝ። ያም ሆኖ ሰዓት ነበረን። ሃምሳ ደቂቃው እውነት ቢሆን ሁለት ሰዓት ሳይሆን እንደርስ ነበር። ግን ኦልማን ነዋ። ዋናውን መንገድ ሁሉም ሰው ይሄድበታል፣ እኔ አቋራጭ አውቃለሁ አለ። አቋራጩን የነገረው የጎማ ጠጋኙ ነው። ቡናው መሃል እንደገባን ስልኩ መረብ አጣና ካርታው ባለበት ቀረ። አባባ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው አንቀላፍተዋል። በአጥር ውስጥ ዶሮ የምትመግብ ሴት አገኘንና ጠየቅናት።

«ቀጥ በሉ» አለች። «ሾላው ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ። ከዚያ ከዶን ናውቲሊዮ ወተት ቤት ሁለት መቶ ሜትር ወደ ላይ። ዋናው መንገድ ላይ ትወጣላችሁ።»

ሾላውን ፍለጋ ሃያ ደቂቃ ዞርን። ሴትየዋን ሦስት ጊዜ አለፍናት፤ በሦስተኛው ዶሮዎቹም አወቁን። ኦልማን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ሾላው የቱ ነው?» አላት።

«የተቆረጠው ነዋ» አለች፣ እንደ ጅል እያየችው።

እሷን መውቀስ አልችልም። እኛ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አናውቅበትም። የእኔ ቤት አድራሻ «ሲኒማ ቤቱ ከነበረበት መቶ ሜትር ወደ ደቡብ፣ ሰማያዊ በር» ነው። ሲኒማ ቤቱ እኔ ሳልወለድ ተቃጥሏል፤ በሩን አረንጓዴ ከቀባሁት ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደብዳቤ ግን አንድ ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም። ያለውን ነገር ማንም ያየዋል፤ እኛ የምንጠቁመው የሌለውን ነው። ችግሩ ለዚያ መንደር እኛ እንግዳ ነን፣ የእነሱን የሌሉ ነገሮች አናውቅም።

«የማን ወተት ቤት ነው ያለችው?» አሉ አባባ ከኮፍያቸው ስር።

«የዶን ናውቲሊዮ።»

«እህ። እዚያ ሁለት ዓመት ላም አልቤያለሁ።» ቀና ብለው ተቀመጡ። «አዙርና ተመለስ፣ ኦልማን። ቀስ በል። መኪናው ሁለቴ ሲነጥር ድልድዩ እሱ ነው።»

ሁለቴ ነጠረ።

«አሁን የውሃ ድምፅ ስትሰማ ወደ ግራ። ሾላው እዚያ ነበር። እናታችሁን መጀመሪያ ያየኋት ከስሩ ነው፣ ዝናብ ተጠልላ።»

ታጠፍን። ሾላው በነበረበት የአውቶቡስ መጠበቂያ ቆሟል። ቀጠልን። «ትምህርት ቤቱን አልፈሃል?» ይላሉ አባባ፣ ትምህርት ቤት የለም፣ የስልክ ማማ ነው ያለው። «የሲፕሪያኖ ሱቅ በስተቀኝህ ነው» ይላሉ፣ ሣር ነው። አንዱንም አልሳቱም። የሌለውን ሁሉ እየቆጠሩ ዋናው መንገድ ላይ አወጡን። እኔ ከኋላ ሆኜ በኩራት ሞትኩ። እንዲህ ያለ አባት ያለው ሰው ካርታ ምን ያደርግለታል አልኩ። ይህን ሁሉ ሲሉ አንድ ጊዜም ወደ መስኮቱ አልዞሩም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

በሩ ጋ ስንደርስ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ጉዳይ ነው። ዘበኛው ጨዋ ልጅ ነበር፤ ትኬታችንን አየና ራሱን ነቀነቀ። «የሁለት ሰዓቱ ወጥቷል፣ አባት። የዛሬው ሁሉ ሞልቷል። ሥርዓቱ ነው።» ኦልማን ስለ አቋራጩ፣ ስለ ሾላው፣ ስለ ባለዶሮዋ ሴት ሊያስረዳው ሞከረ። ልጁ ዓይኑን ሳይነቅል ሰማው፤ የባሰ አሳዘንነው እንጂ ትኬት አልሆነልንም። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት።

በዚህ መሃል የሚሬያ አውቶቡስ ገባ። ጸሎቱ ተጸልዮ፣ ቢንጎው ሁለት ዙር ተጫውቶ፣ ሽንት ቤት ተሂዶ፣ እንጆሪው ተገዝቶ፣ ልክ ለሦስት ሰዓት። አርባ ሰው አንድ በአንድ እየወረደ አየን፣ ሁለቱ ሳህን ይዘዋል። ሚሬያ በማይክሮፎኗ መናገሯን ሳታቋርጥ ወደኔ መጣችና ሁለት ትኬት እጄ ላይ አስቀመጠች።

«በስማችሁ እንደተያዘ ነው» አለች።

«እኔስ?» አለ ኦልማን።

«አንተማ መኪና አለህ» አለችው።

እኔና አባባ ሄልሜት አድርገን ገባን። ክንዴን ይዘው ይሄዳሉ። መንገዱ ለስላሳ ነው፣ ግራና ቀኙ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ብርዱ ለየካቲት ደህና ነው። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ቁራጭ ደመና አልነበረም። ሰማዩ መጥራቱን ልነግራቸው ነበር፣ ግን ላይ እስክንደርስ ላቆየው አልኩ።

ጫፉ ላይ ደረስን። አባባ ብረቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔ ቁልቁል አየሁና አፌ ተከፈተ። አፉ እንዳለ ተከፍቷል፤ ግድግዳው ግራጫና ቢጫ ነው፤ ከታች አረንጓዴ ሐይቅ ተኝቷል፤ ጭሱ ከጎኑ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሃምሳ ሦስት ዓመት ከስሩ ኖሬ እኔም አይቼው አላውቅም። እንባዬ መጣ። ኦልማንን ማርኩት፣ ሚሬያን ማርኳት፣ አውቶቡስን ሁሉ ማርኩ።

«ዚኒያ» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «ደመና ነው፣ አይደል?»

የቀለዱ መስሎኝ ዞርኩ። ቀኝ ዓይናቸው ሐይቁ ላይ ነው፣ ተከፍቷል፣ አይርገበገብም፣ ምንም አያይም። ያኔ የተዛነፈው ቁልፍ መጣብኝ፤ ባቄላውን በማንኪያ መፈለጋቸው መጣብኝ፤ ያ የመኪና መስኮት መጣብኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በመኪና ነው በአውቶቡስ እያልን ስንጨቃጨቅ አንዳችንም ዓይንዎ እንዴት ነው ብለን አልጠየቅናቸውም። እፍረት እንደዚያ ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም።

«አዎ፣ አባባ» አልኩ። «ደመና ነው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ደመና ስረግም ኖሬ በዚያች ደቂቃ ና ብዬ ለመንኩት። አልመጣም። የመጡት የሚሬያ ሰዎች ናቸው። አርባ ሰው ብረቱ ላይ ተደረደረና ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ ማለት ጀመረ። ሐይቁን እዩት፣ ቀለሙን እዩት ይባባላሉ። ሚሬያ ማይክሮፎኗን በር ላይ አስቀምጣ ስለገባች በገዛ ጉሮሮዋ «በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ጠርቶልኝ አያውቅም» አለች።

የአባባ እጅ ብረቱን ጠበቅ አደረገው። ጆሮአቸው እንደ ልጅ ጆሮ ነው፣ አንድም ቃል አላመለጣቸውም። ምን እላለሁ ብዬ ሳስብ ራሳቸው ተናገሩ።

«ሚሬያ ጎበዝ ነጋዴ ናት» አሉ። «ደመናውንም አስጨብጭባ ትሸጠዋለች።»

ሃያ ደቂቃውን ሙሉ ቆምን። ሌላው ሰው ፎቶ አንስቶ አንስቶ ሲጨርስ እንኳ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ እንዳደረጉ ነበሩ። ክንዴን ሲይዙ ነው የወጣነው።

ኦልማን መኪናው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። «እህስ፣ አባባ? አዩት?» አለ።

«ደመና» አሉ አባባ።

ኦልማን ሰማዩን አየ። መስታወት ነው። አፉን ከፈተ፤ እኔ ደግሞ ልጅ ሳለ የዳቦ ቅርጫት ውስጥ እጁን ሲሰድ እንደማፈጥበት አፈጠጥኩበት። ከእኔ ወደ አባባ ዓይን፣ ከአባባ ዓይን ወደ እኔ ተመለከተ። በሕይወቱ አንድ ነገር በሰዓቱ የገባው ያን ጊዜ ነው።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ። «ባላረፍድ ኖሮ ከደመናው በፊት ነበርን። አቋራጩን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ኦልማን አጥፍቶ ጥፋቱን አምኖ አያውቅም። ያን ቀን ያላጠፋውን አመነ። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናው ብዙ አልናገረውም፣ ትንሽ ነው የምናገረው።

ስንወርድ እንጆሪ የሚሸጡበት ጋ ራሱ አቆመ፣ ሚሬያን ሲሰድብበት የነበረውን እንጆሪ። ወርዶ ሲሄድ እኔ ከኋላ ተቆልፌ፣ አባባ ከፊት ተቀምጠው ሁለታችን ቀረን።

«ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» አሉ።

«የምን ቀለም፣ አባባ?»

«የሐይቁ። ተይ እንጂ፣ ዚኒያ።»

«አምና ለመጋረጃ የገዛሁት ጨርቅ ትዝ ይልዎታል? ስናጥበው የለቀቀው?»

«አረንጓዴው። እስከ ፋሲካ ስታለቅሺበት የነበረው።»

«እሱ። ልክ ከለቀቀ በኋላ ያለው። ዳር ዳሩ ነጣ ይላል።»

«ቆንጆ ጨርቅ ነበር» አሉ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት። «ከገና ወዲህ ጥላ ብቻ ነው። ፊታችሁን አላየሁም። እሱ ግን ትልቅ ነገር ስለሆነ ይታየኛል ብዬ ነበር።»

ከኋላ ወንበር ሆኜ በሁለት እጄ አንገታቸውን አቀፍኳቸው። የኋላ በሩ ቢከፈት ኖሮ ዞሬ ፊት ለፊት አቅፋቸው ነበር። ኦልማን እንጆሪውን ይዞ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ማንም ምን ሆንክ አላለውም።

«በሚቀጥለው በሚሬያ አውቶቡስ ነው የምሄደው» አሉ አባባ እንጆሪ እየበሉ። «ደመና ቢሆን እንኳ ቢንጎ አለ።»

ሰኞ ጠዋት ሄጄ አስመዘገብኩ። ሚሬያ ደብተሯን አውጥታ የት ላስቀምጣችሁ አለችኝ። ከፊት ለአባባ ይሻላቸዋል፣ መውረጃው ቅርብ ነው አለች። ከቤት ስወጣ አባባ ያሉኝን ነገርኳት።

«በመስኮት በኩል ነው የፈለጉት» አልኳት።